የእርሻ ኮሊ፦ ሥርዓት ጠባቂውን ውሻ ማራባትና በቤተሰብ መካከል ማሳደግ

ኮሊ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አፍንጫው የሾለ፣ ጎፈሩ የተበጠረ የትርኢት ውሻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላኛው ዘመዱ ነው። በአሜሪካ ገጠር በረት ደጃፍ ተኝቶ፣ ላሟ ወዳልተፈቀደላት ማሳ ስትገባ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ ይመልሳታል። ጭልፊት ሲያንዣብብ ይጮኻል፣ አይጥ ይይዛል፣ ማታ ደግሞ የልጆቹ አልጋ ሥር ይተኛል። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው እንግሊሽ ሼፐርድ በሚለው ስም ነው፤ በስኮች ኮሊ ስም የቆየውን ዘር የሚያራቡም አሉ።

ምንጩ የስኮትላንድና የሰሜን እንግሊዝ እረኞች ውሻ ነው፤ ስደተኞች ይዘውት አሜሪካ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1860 በርሚንግሃም በተደረገ የውሻ ትርኢት ለስኮትላንድ የበግ ውሾች ምድብ ተከፈተላቸው። በዚያው ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ በስኮትላንድ ባለው በባልሞራል ቤተ መንግሥቷ ኮሊ ማሳደግ ስትጀምር ውሻው የመኳንንት መመኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለያየ። አንዱ ወገን ለመልኩ ብቻ ሲመረጥ ቆየ። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የበግ ውሻ ማኅበር ሥር፣ ጎንበስ ብሎ በጎቹ ላይ እያፈጠጠ እንዲነዳ ተመረጠ፤ ይህ ቦርደር ኮሊ ነው። የገበሬው ውሻ ግን ለውድድር ሳይሆን ለሁለገብ ሥራ እየተመረጠ እርሻው ላይ ቀረ። የአሜሪካው የውሻ ዘር መዝጋቢ ድርጅት ዩናይትድ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ይመዘግበዋል። ትንንሽ የቤተሰብ እርሻዎች ሲመናመኑ ውሻውም አብሮ ተመናመነ። ስለዚህ ለማራባት የሚነሣ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው የዘሩን ጥበት ነው።

አካሉ መካከለኛ ነው፤ ትከሻው ድረስ ከ46 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ18 እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል። ጠባዩን በአጭሩ ግለጽ ብባል ሥርዓት ጠባቂ ነው እላለሁ። ቤቱ እንዴት እንደሚውል ያጠናል፤ ያጠናውንም ያስከብራል። ዶሮዎቹ የት እንደሚያድሩ፣ ድመቷ ጠረጴዛ ላይ መውጣት እንደማይፈቀድላት፣ ልጆቹ በስንት ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደሚመለሱ ያውቃል። ከአራቢው የወላጆች ምርጫ ጀምሮ እስከ ገዢው የዕለት ተዕለት አያያዝ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ጠባይ መልክ ማስያዝ ነው። ካልያዘለት ያው ጠባይ ጎረቤትን ሁሉ የሚያስቸግር ጩኸትና የልጆች ተረከዝ መንከስ ይሆናል።

በእኛ ገጠር ከብት የሚነዳው እረኛው ልጅ ነው፤ የውሻው ድርሻ ጅብና ቀበሮ ማባረር፣ ሌሊት ግቢ መጠበቅ ነው። ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት ለብዙዎቻችን የታወቀ ልማድ ነው። የእርሻ ኮሊን እንዲህ ማሳደግ ግን ማበላሸት ነው። ከሰው ተነጥሎ የታሰረ ኮሊ የሚያጠናው ሥርዓት ስለሌለው የራሱን ያወጣል፤ የሚያወጣውም አብዛኛውን ጊዜ በአጥሩ በኩል ያለፈውን ሁሉ ማሳደድ ነው። ሰው ባለበት የሚውልበት ቤት ከሌላችሁ ሌላ ዝርያ ምረጡ።

ወላጆችን መምረጥ

በቀለም አትምረጡ። ወርቃማ ቡናማና ነጩ ያምራል፣ ባለ ሦስት ቀለሙም እንዲሁ፤ ቀለም ግን ዶሮ አይጠብቅም። በተለይ በስኮች ኮሊ መስመር የሚገኘው መርል የሚባለው ዥጉርጉር ግራጫ ጥንቃቄ ይሻል። መርል ከመርል ጋር ከተዳቀለ፣ በአማካይ ከአራት ቡችላ አንዱ ዘሩን ከሁለቱም ወገን ይወርሳል፤ እንዲህ ያለው ቡችላ ብዙ ጊዜ መስማት ወይም ማየት የተሳነው ሆኖ ይወለዳል። መርልን መርል ካልሆነ ውሻ ጋር ብቻ ማገናኘት ነው መፍትሔው።

ወንዱን በገዛ ግቢው ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከግቢው ውጭ፣ ገበያ ወይም የእንስሳት ሐኪም ደጃፍ ላይ እዩት። በገዛ ግቢው ደፋር የሚመስል ውሻ ውጭ ሲወጣ ጅራቱን ቆልፎ ከባለቤቱ ኋላ ከተደበቀ፣ የግቢው ጩኸት ፍርሃት ነበር ማለት ነው። ፍርሃት ደግሞ ይወረሳል። ሴቷን ከጫጩትና ከሕፃናት ጋር እዩ፤ ያልታዘዘች በግ ስትጋፋት ምን እንደምታደርግም እዩ። የምትፈለገው ቆማ፣ አካሏን ጣልቃ አስገብታ፣ አስፈላጊ ሲሆን ተረከዝ ነክታ ወዲያው የምትለቅ ናት። ይዛ የምታንጠለጥል ወይም ሥራው ካለቀ በኋላ መርጋት የማትችል ሴት ሌላው ነገሯ ሁሉ ቢያምርም አትራባ።

የጤና ምርመራው አይዘለልም። ከሁሉ የሚቀድመው ኤምዲአር1 ነው። ይህ ዘረ መል የሚሠራው ፕሮቲን በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተቀምጦ የገባ መድኃኒትን መልሶ ያስወጣል። ከዘረ መሉ አራት ፊደላት የጎደሉበት ውሻ ይህ መከላከያ የለውም፤ ጉድለቱን የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለዩት። በጠጉራሙ የትርኢት ኮሊ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ በእንግሊሽ ሼፐርድ ያነሰ ቢሆንም አለ። እርሻ ላይ አደጋው የሚመጣው ከውሻው ሳይሆን ከፈረሱ መድኃኒት ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው የፈረስ የትል መድኃኒት ቅባት በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 19 ሚሊግራም መድኃኒት ይዟል። ከሁለቱም ወላጆች ጉድለቱን ለወረሰ የ25 ኪሎ ውሻ ከፈረሱ አፍ የተንጠባጠበች የአተር ፍሬ የምታህል ቅንጣት ትበቃዋለች። ምልክቱ መንገዳገድ፣ ለሃጭ መዝረብረብ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ማየት መሳን፣ ከዚያም ራስን መሳት ነው። ስለዚህ ፈረስ ወይም በግ በዚህ መድኃኒት በታከመ ጊዜ ውሻው ታስሮ ይቆይ፣ የወደቀው ይጠረግ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ፋንድያ እንዳይበላ ይከልከል። በየወሩ ለልብ ትል መከላከያ የሚሰጠው መጠን፣ በኪሎ 6 ማይክሮግራም ገደማ፣ ጉድለቱ ላለባቸውም አይጎዳም። ለሰው ተቅማጥ የሚሰጠውን ሎፔራማይድ ግን በፍጹም አትስጡ። ውጤቱን ለእንስሳት ሐኪማችሁ ጻፉለት፤ አንዳንድ የማደንዘዣና የካንሰር መድኃኒቶችም መጠናቸው ይለወጣልና።

ሁለተኛው የኮሊ ዓይን ጉድለት የሚባለው፣ ቡችላው ይዞት የሚወለደው የዓይን የውስጥ ክፍል ችግር ነው። ይህ ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይገለጥም። ሦስተኛው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው፤ የመጨረሻው የኤክስሬይ ምዘና የሚሰጠው ውሻው ሁለት ዓመት ሲሞላው ስለሆነ ከዚያ በፊት ማራባት በጭፍን መሄድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አዲስ አራቢዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ምርመራ ላይ አንድ ቅጂ ጉድለት፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ፣ ተገኘ ብለው መልካሙን ውሻ ከመራቢያው ያስወጣሉ። ዘሩ ጠባብ በሆነበት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። በማይገለጥ ጉድለት አንድ ቅጂ የተሸከመ ውሻ ከንጹሕ ጋር ቢዳቀል የሚታመም ቡችላ አይወለድም። ከቡችሎቹ መካከል ንጹሑን መርጦ ለቀጣዩ ትውልድ ማስቀረት ይቻላል። ይበልጥ የሚያስፈራው የሥጋ ዝምድና ነው። የአክስትና የአጎት ልጆች ቢዳቀሉ የቡችሎቹ የዝምድና መጠን 6.25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድምና እኅት ቢሆኑ 12.5 በመቶ ይሆናል። የዘር ሐረጉን ቢያንስ እስከ አሥር ትውልድ ቆጥራችሁ ከ6.25 በታች ለመሆን ጣሩ። ሁሉም ሰው የሚሮጥለትን አንድ ዝነኛ ወንድ ትታችሁ ብዙም ያልወለደውን ጥሩ ወንድሙን ፈልጉ።

ከማገናኘት እስከ መውለድ

ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱም የውሻ ብሩሴላ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ በሽታው ያስወርዳል፣ ያመክናል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ሴቷ በአማካይ በየስድስት ወሩ ድራት ላይ ትሆናለች። ደሙ ከታየ ዘጠነኛ ቀን ገደማ ፈሳሹ ነጣ ብሎ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ጅራቷን ወደ ጎን ማድረግ ትጀምራለች። ቀን መቁጠር ብቻውን ግን ያሳስታል። ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን የሚለካ የደም ምርመራ በየሁለት ሦስት ቀኑ አስደርጉ፤ በሚሊሊትር 5 ናኖግራም አካባቢ ሲደርስ እንቁላሉ ወጥቷል። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ማገናኘት፣ ከሁለት ቀን በኋላም መድገም ጥሩ ነው። ሲጣበቁ ከአምስት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። አታላቅቋቸው፤ ሁለቱም ይጎዳሉ።

እርግዝናው እንቁላሉ ከወጣበት ቀን 63 ቀን ነው። በ28ኛው ቀን ገደማ አልትራሳውንድ ማርገዟን ያሳያል፤ ከ55ኛው ቀን በኋላ የሚነሣ ኤክስሬይ የቡችላውን ቁጥር ይነግራችኋል። ቁጥሩን ማወቅ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ምጡ ማለቁን የምታውቁት በእሱ ነው። እስከ አምስተኛው ሳምንት መኖዋን አትጨምሩ። ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ከሩብ እስከ ግማሽ ጨምሩ፣ ጥራት ያለውን የቡችላ ምግብ ስጡ። ካልሲየም ለብቻው መስጠት ግን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። አካሏ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣትን ይረሳል፤ ወተቱ በሚበዛበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በድንገት ያጥራታል። ስትንቀጠቀጥ፣ ስታለከልክ፣ እግሯን አግትራ ስትራመድ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ እስከ ነገ አይቆይም።

ወስፋት ከእናት ወደ ቡችላ ገና በማሕፀን ሳሉ ይተላለፋል። ሐኪማችሁ ከፈቀደ ፌንቤንዳዞል በኪሎ 50 ሚሊግራም ከእርግዝናው 40ኛ ቀን ጀምሮ እስከ ከወለደች 14ኛ ቀን ድረስ በየቀኑ መስጠት የሚወርሱትን ትል በእጅጉ ይቀንሳል።

የመውለጃው ሣጥን 120 በ120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ዙሪያውን እንጨት ይታጠር፤ እናቲቱ ጋደም ስትል ከኋላዋ ያለው ቡችላ ከግድግዳው ጋር እንዳይጨፈለቅ መሸሸጊያው ያ ነው። አሥር ቀን ሲቀራት አለማምዷት። ከመጨረሻው ሳምንት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ለኩ። ከ37.2 ዲግሪ በታች ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች። ትቆፍራለች፣ አትበላም፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ይህ ለ12 ሰዓታት ያህል ቢቆይ አያስደነግጥ። የሚያስደነግጠው አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ሳይወጣ ሲቀር፣ ውስጥ ቡችላ እንዳለ እየታወቀ በመካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያልፍ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ሲታይ ነው። ያኔ ወደ ሐኪም መደወል እንጂ መጠበቅ የለም።

ቡችላው እንደወጣ እናቲቱ ሽፋኑን ካልቀደደች እናንተ ከአፍንጫው ጀምራችሁ ግለጡ፤ በደረቅ ፎጣ ፈተግ ፈተግ አድርጉት፣ እስኪያለቅስ ድረስ። እትብቱን በክር ከሆዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ እሰሩ። እንግዴ ልጁን ቁጠሩ፤ የቀረ ካለ ማሕፀኗን ያመረቅዛል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቡችላን የሚገድለው ከረሃብ ይልቅ ብርድ ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ የሙቀት መጠኑ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አንጀቱ ሥራ ያቆማል። ሰው ደነገጠና በጡጦ ወተት ይሰጠዋል፤ ወተቱ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀራል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ አሙቁት። ልብሳችሁ ውስጥ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶም ቢሆን፤ ትኩስ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። አፉ ሲሞቅና መጥባት ሲሞክር ወደ እናቱ መልሱት። በመጀመሪያው ሳምንት የሣጥኑ አንድ ጥግ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን፤ ሌላው ጥግ ይቀዝቅዝ፤ የፈለገው ወደፈለገበት ይሳባል። አንዱ ላይ አንዱ ተነባብረው ከጮኹ በርዷቸዋል። ተበታትነው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ጎን ለጎን ተኝተው እንቅልፋቸው ውስጥ የሚወራጩ ከሆነ ተመችቷቸዋል።

እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ሁሉም መጥባቱን አረጋግጡ፤ ከአንድ ቀን በኋላ አንጀታቸው የእናቲቱን የበሽታ መከላከያ ማሳለፍ ያቆማል። በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ። ክብደቱ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር፣ በአሥር ቀን ገደማ እጥፍ መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የቀነሰ ቡችላ፣ መልኩ ደህና ቢመስልም፣ ችግር አለበት። ጥፍራቸውን በየሳምንቱ ቁረጡ፤ የእናቲቱን ጡት ይቧጭራሉና። ጡቷ ሲጠነክርና ሲያቃጥል ቸል አትበሉ።

ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይገለጣል። በሁለት፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንት የትል መድኃኒት ይሰጣቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ከመኝታቸው ራቅ ብሎ የእንጨት ፍቅፋቂ የተነጠፈበት ቦታ አዘጋጁ፤ ሳትነግሯቸው ሄደው ይሸኑበታል፣ የገዢውም ሥራ ግማሹ ያልቃል። በአራተኛው ሳምንት የቡችላ ምግብ በሞቀ ውኃ አርሳችሁ እንደ አጥሚት አቅጥናችሁ ጀምሩ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የዓይን ሐኪም ይያቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀላሉ የኮሊ ዓይን ጉድለት በቀለም ተሸፍኖ ጤናማ ሊመስል ይችላል።

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ያለው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። በዚህ ጊዜ የሕፃን ልቅሶ፣ ጢማም ሰው፣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ኮረት፣ የቆርቆሮ ድምፅ፣ የበግ ሽታ ይወቁ። አንድ በአንድ ከወንድሞቻቸው ተለይተው ለጥቂት ደቂቃ ይሁን፤ በመንጋ የሚደፍር ቡችላ ብቻውን ሲሆን ሊፈራ ይችላል። ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይ። ሁለት የአንድ ሆድ ቡችሎችን ለአንድ ቤተሰብ አትስጡ፤ ከሰው ይልቅ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የትኛው ቡችላ ለየትኛው ቤት እንደሚሆን ገዢው በፎቶ መምረጥ የለበትም፤ ለስምንት ሳምንት ያያቸው አራቢው ይመድብ።

ከቤተሰብ ጋር

ቡችላው ቤታችሁ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፈቀዳችሁለትን ሁሉ ሕግ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ ሶፋ ላይ ያወጣችሁት ኮሊ ሶፋው ርስቱ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ፤ አባት የከለከለውን ልጅ ከፈቀደ ውሻው ግራ ይጋባል፣ ግራ የተጋባ ሥርዓት ጠባቂ ደግሞ ይጮኻል።

ግቢውን በእግር አስተምሩት። በየቀኑ ጠዋትና ማታ በረጅም ገመድ ይዛችሁ የአጥሩን ዳር በአንድ መንገድ ዙሩ፤ ዳሩ ላይ ሲደርስ ወደ ውስጥ መልሱት። ከሳምንታት በኋላ ዳሩን ራሱ ይጠብቀዋል። ይህ መኪና መንገድ ዳር ላለ ቤት አጥርን አይተካም።

ዶሮ ማስተማርም በገመድ ነው። መጀመሪያ ከአጥር ውጭ ሆኖ ይያቸው፤ አይቶ ዘወር ካለ አመስግኑት። ቀጥሎ እናንተ ጥሬ ስትበትኑ እግራችሁ ሥር ይተኛ። ብቻውን ከዶሮ ጋር የሚተወው ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ብዙ ዶሮ የሚሞተው በስድስት ወሩ “ለምዷል” ተብሎ ሲለቀቅ ነው፤ አንዷ ብር ስትል ጨዋታው ይቀሰቀስበታል፣ አንዴ ከተሳካለት መመለሱ ከባድ ነው።

ልጆች ሲሮጡ ተረከዝ መንካት የሥራ ደመ ነፍሱ ነው። መምታት አይጠቅምም። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የሚሮጥ ከሌለ የሚነዳ የለም። እናንተም “በቃ” ብላችሁ ጥሩትና ሌላ ሥራ ስጡት፤ ካልሲ ማምጣት፣ የተደበቀ ልጅ መፈለግ፣ ዶሮዎቹን ማታ ማስገባት። “በቃ” የሚለው ቃል “አየሁት፣ እኔ ይዤዋለሁ” ማለት መሆኑን ከተረዳ፣ ፖስታ አመላላሹ ሲመጣም ሁለቴ ጮኾ ይተዋል።

ይህን ውሻ ለማድከም ኳስ ሲወረውሩለት የሚውሉ አሉ። ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ አይደክምም፤ ኳስ ካልተወረወረለትም መርጋት አይችልም። ዕለታዊ ሥራ፣ አንድ ረጅም የእግር ጉዞና ተኝቶ መዋልን መማር ይበልጥበታል። አጥንቱ ሳይጠና፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ ከብስክሌት ኋላ አታሩጡት። ከስድስት እስከ አሥራ አራት ወር ባለው ጊዜ ትናንት የሚያውቀውን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ዛሬ ሊፈራ ይችላል፤ አትጎትቱት፣ አታባብሉትም፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ራሱ ይቅረብ።

ክትባቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። እስኪያልቅ ቤት መዝጋት ግን ያንን ውድ ጊዜ ያባክናል፤ ያልታወቀ ውሻ ያለፈበትን መሬት ሳይረግጥ በእቅፍ ገበያ ይወሰድ። ጠጉሩን በሳምንት አንዴ አበጥሩ፣ በተለይ ከጆሮው ኋላ። በበጋ አትላጩት፤ ጠጉሩ ከፀሐይም ይጠብቀዋል።

ለሽያጭ ውል ስትጽፉ ደግሞ ሁለት ነገር አይቅር። አንደኛው፣ ገዢው በማንኛውም ምክንያት ሊያኖረው ካልቻለ ውሻው ወደ አራቢው እንዲመለስ፣ ዕድሜው ምንም ቢሆን። ሁለተኛው፣ በሁለት ዓመቱ የዳሌው ኤክስሬይ ውጤት፣ ቢበላሽም እንኳ፣ ለአራቢው እንዲላክ። ወላጆቹን እንደገና ማገናኘት ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከነዚያ ውጤቶች ነው።